ያደረ የዶሮ ወጥ፦ ሳይደርቅ እና ሳይበላሽ እንዴት ይሞቃል?

ባሕር ዳር፦ የበዓል ማግስት ነው። ትናንት ሰፈሩን ያወደው የዶሮ ወጥ ዛሬ በድስቱ ውስጥ ረግቶ፣ ቅቤው ከላይ ሽፋን ሠርቶ ተቀምጧል። እንግዳ ሲመጣ ድስቱ ይጣዳል፤ እንግዳው ሲሸኝ ይወርዳል። ማታ ልጆች ራት ሲሉ እንደገና ይጣዳል። በሦስተኛው ቀን ሥጋው እንደ ቃጫ ይተረተራል፤ እንቁላሉ እንደ ጎማ ይጠነክራል፤ ቁሌቱም ከድስቱ ሥር መያዝ ይጀምራል።

በሌላው ቤት ደግሞ ሥጋው እንዳይደርቅ ተብሎ ወጡ ለብ ብቻ ተደርጎ ይቀርባል። ሥጋው አልደረቀም፤ ነገር ግን በዚያው ሌሊት ሕጻናቱ ሆዳቸውን ይዘው ያድራሉ።

የመጀመሪያው ቤት መበላሸትን ፈርቶ ሥጋውን አደረቀ፤ ሁለተኛው ድርቀትን ፈርቶ ለሕመም በር ከፈተ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግን ግድ አይደለም። መፍትሔው ወጡን ገና በመጀመሪያው ዕለት መከፋፈል፣ ቶሎ ማቀዝቀዝ እና በየማዕዱ የሚበላውን ያህል ብቻ ቀንሶ አንድ ጊዜ በደንብ አሙቆ መጨረስ ነው። ይህ ጽሑፍ ምክንያቱን እና አሠራሩን ለገጠሩም ለከተማውም ቤት በሚሆን መንገድ ያብራራል።

ሥጋው ለምን ይደርቃል?

ከዶሮ ሥጋ ክብደት ሦስት አራተኛ የሚጠጋው ውኃ ነው። ይህ ውኃ የሚገኘው በሥጋው ክሮች ውስጥ፣ በፕሮቲኖች መካከል ተይዞ ነው። ሥጋው ሲሞቅ ፕሮቲኖቹ ቅርጻቸውን ይለውጣሉ፤ ይኮማተራሉ፤ የያዙትንም ውኃ እየጨመቁ ያስወጣሉ። ለውጡ ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይጀምርና ከ65 ዲግሪ በላይ እየበረታ ይሄዳል። የታጠበ ልብስ ሲጠመዘዝ ውኃው እንደሚወርድ ሁሉ፣ ሥጋውም እሳት ላይ በቆየ ቁጥር ይጠመዘዛል።

ወጡ በመጀመሪያው ቀን ሲሠራ ሥጋው ይህን አንድ ጊዜ አልፎበታል። በማግስቱ የሚሞቀው ሥጋ እንግዲህ ከውኃው የተወሰነውን አስቀድሞ ያጣ ነው። ለሁለት ሰው ምሳ ተብሎ ሙሉ ድስት ለግማሽ ሰዓት ሲንተከተክ፣ ያልተበላው ሥጋም አብሮ ይጨመቃል። ይህ ጠዋት፣ ቀን እና ማታ ሲደጋገም በሦስት ቀን ውስጥ ሥጋው እስከ ዘጠኝ ጊዜ እሳት ያየዋል። ሥጋውን የሚያደርቀው ማሞቅ ራሱ ሳይሆን ይህ ድግግሞሽ ነው።

ብዙዎች «ደርቋል» ብለው ቅቤ ይጨምራሉ። ቅቤ ጣዕም ይሰጣል፤ ሲውጡትም ያለሰልሳል። ከሥጋው ክር ውስጥ አንድ ጊዜ የወጣውን ውኃ ግን አይመልስም። ውኃ ማብዛትም ቁሌቱን ያቀጥናል እንጂ የደረቀውን ደረት አያርሰውም። በእጃችን ያለው ዕድል የቀረው ውኃ እንዳይወጣ መጠበቅ ብቻ ነው።

በዚህ በኩል ወጥ ከጥብስ ይሻላል። በቁሌት የተሸፈነ ብልት አየር አያገኘውም። ባደረ የተጠበሰ ዶሮ ላይ የሚሰማው የቆየ ሽታ በአብዛኛው የሚመጣው የሥጋው ስብ ከአየር ጋር ሲገናኝ ነው። ስለዚህ ወጡ በሚያድርበት ዕቃ ውስጥ ሥጋው ከቁሌቱ በላይ ብቅ ብሎ መታየት የለበትም። ቁሌቱ አንሶ ሥጋው ከበዛ ዕቃውን ጠበብ ያለ ማድረግ፣ ወይም ሥጋውን ከአጥንቱ ለይቶ በቁሌቱ ውስጥ ማስጠም ይጠቅማል።

የትኛው ዶሮ፣ የትኛው ብልት?

ጓሮ ስትጭር የኖረች የሐበሻ ዶሮ ሥጋዋ ጠንካራ ነው። እንቁላል መጣል አቁማ ለእርድ የምትቀርብ የእርባታ ዶሮም እንዲሁ ናት። በእንዲህ ያሉት ዶሮዎች ጅማት እና የሥጋ ሽፋን ውስጥ ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን በርትቶ ይገኛል። ኮላጅን በዝግተኛ እሳት ለረጅም ሰዓት ሲበስል ወደ ጄላቲን ይለወጣል። ያደረ ወጥ እንደ ቅባት የሚረጋው በቅቤው ምክንያት ብቻ አይደለም፤ ይህ ጄላቲንም አለበት። ወጡ ሲሞቅ ጄላቲኑ ይቀልጥና ሥጋውን ከውስጥ ያለሰልሰዋል። የሐበሻ ዶሮ ወጥ በማግስቱም የሚጥመው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው።

በጥቂት ሳምንታት ለእርድ የምትደርስ የሥጋ ዶሮ ግን ሥጋዋ ለስላሳ፣ ኮላጅኗም ደካማ ነው። ቶሎ ትበስላለች፤ በዚያው መጠን ደጋግመው ሲያሞቋት ቶሎ ትደርቃለች፤ ትፈራርሳለችም።

በአንዲት ዶሮ ውስጥም ብልት ከብልት ይለያል። ደረት ስብ እና ኮላጅን የሚያንሰው በመሆኑ ከሁሉ ቀድሞ የሚደርቀው እርሱ ነው። ታፋ፣ እግር፣ አንገት እና ክንፍ ሁለተኛውን እሳት የመቋቋም አቅማቸው የተሻለ ነው። አንዲት ዶሮ ለወጥ 12 ብልት ሆና ስትገነጠል፣ ለመጀመሪያው ማዕድ ደረቱን አቅርቦ ለማግስቱ እግሩን እና ታፋውን ማቆየት ምንም ወጪ የሌለው ዘዴ ነው።

እንቁላሉም የራሱ ጉዳይ አለው። አስቀድሞ የተቀቀለ ስለሆነ ደጋግሞ ሲንተከተክ ነጩ ይጠነክራል፤ በአስኳሉ ዙሪያም አረንጓዴ የሚመስል ቀለበት ይታያል። ቀለበቱ በእንቁላሉ ውስጥ ያለው ብረት እና ድኝ ሲዋሃዱ የሚፈጠር እንጂ የመበላሸት ምልክት አይደለም። እንቁላሉን ቀድሞ ከወጡ ማውጣት እና ወጡ ከፈላ በኋላ መልሶ፣ እርሱም እስኪግል ለጥቂት ደቂቃዎች ማቆየት ጥንካሬውን ይቀንሰዋል።

«ለብ» ማድረግ ለምን አይበቃም?

በምግብ ላይ የሚራቡ ባክቴሪያዎች ከሁሉ የሚመቻቸው ሙቀት ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴልሺየስ ያለው ነው። ለብ ያለ ወጥ በዚህ መካከል ይገኛል። ለብ ማድረግ ማለት እንግዲህ ባክቴሪያውን መግደል ሳይሆን ምቹ ማደሪያ ማዘጋጀት ነው።

በትልቅ ድስት ተሠርቶ ቀስ ብሎ በሚቀዘቅዝ የሥጋ ወጥ ላይ በተለይ የሚታወቅ አንድ ባክቴሪያ አለ፤ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ ይባላል። ይህ ባክቴሪያ ስፖር የተባለ ጠንካራ ዘር መሰል ቅርጽ ይይዛል፤ ስፖሩም የወጡን ፍላት አልፎ በሕይወት ሊቆይ ይችላል። ድስቱ ወርዶ ወጡ ቀስ እያለ ሲበርድ ስፖሩ ይነቃል፤ ይራባል። ሙቀቱ ሲመቸው በየ10 ደቂቃው ገደማ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በዚህ ፍጥነት አንዱ ባክቴሪያ በ2 ሰዓት ውስጥ ከ4 ሺህ በላይ ይሆናል። ድስቱ በትልቁ፣ በወፍራም ክዳን ተከድኖ ሲያድር ደግሞ መሀሉ ለብዙ ሰዓታት ሙቅ እንደሆነ ይቆያል።

ሁለተኛው ስታፊሎኮከስ ኦውሬስ ይባላል። በሰው ቆዳ፣ በአፍንጫ እና በቁስል ላይ ይኖራል፤ በእጅ አማካኝነት ወደ ምግብ ይገባል። በምግቡ ውስጥ ሲራባ መርዝ ያመነጫል። ባክቴሪያው በፍላት ይሞታል፤ መርዙ ግን ፍላትን ይቋቋማል። «ቢያድርም ዋናው ማፍላቱ ነው» የሚለው አነጋገር የማይሠራው እዚህ ላይ ነው። ቀኑን ሙሉ ምድጃ አጠገብ የዋለ ወጥ ምንም ያህል ቢፈላ የተፈጠረው መርዝ አብሮት ይቀርባል።

የዓለም ጤና ድርጅት ለምግብ ደኅንነት ባወጣቸው አምስት ቁልፍ መልእክቶች የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጪ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመክራል። በሙቅነቱ የሚቆይ ምግብም ከ60 ዲግሪ በላይ መሆን እንዳለበት ያሳስባል። ያደረ ምግብ ሲሞቅ መሀሉ ሳይቀር 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢደርስ አስተማማኝ ነው። እንደ መተማ እና ሸዋሮቢት ባሉ ሞቃት አካባቢዎች የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ሲያልፍ የ2 ሰዓቱ ገደብ ወደ 1 ሰዓት ዝቅ ይላል።

በየቤቱ የሙቀት መለኪያ የለም። ነገር ግን ፍላት ራሱ መለኪያ ነው። ውኃ በባሕር ዳር በ94 ዲግሪ ገደማ፣ ከፍ ባለችው ደብረ ብርሃን ደግሞ በ91 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በደጋ ጥሬ ሥጋ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው። ያደረን ወጥ ለማሞቅ ግን የደጋውም ፍላት ከሚፈለገው 74 ዲግሪ በላይ ነው። ወጡ ከዳር ብቻ ሳይሆን ከመሀል ሲፈላ፣ ትልቁ ብልት ሲከፈት ከአጥንቱ አጠገብ እንፋሎት ሲወጣ ሙቀቱ በቅቷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እሳት ላይ መቆየቱ ሥጋውን ከማድረቅ ያለፈ ጥቅም የለውም።

ሥራው የሚጀምረው ድስቱ ሲወርድ ነው

የፋሲካ ዶሮ ወጥ በአብዛኛው ቤት የሚሠራው ቅዳሜ ቀን እና ምሽት ነው። የሚበላው ደግሞ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ነው። ከድስቱ መውረድ እስከ መጀመሪያው ጉርሻ ድረስ ብዙ ሰዓታት ያልፋሉ። ሰው «ገና ዛሬ የተሠራ ነው» ብሎ ሲያስብ ወጡ ግን ሌሊቱን አሳልፏል። ሰዓቱ መቆጠር ያለበት ከበዓሉ ጠዋት ሳይሆን ድስቱ ከእሳት ከወረደበት ጊዜ ጀምሮ ነው።

የጾም ቀናትም ስሌቱን ይለውጡታል። ከፋሲካ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕ እና ዓርብ ስለማይጾሙ ወጡ ሳይቋረጥ ተበልቶ ያልቃል። የገና በዓል ማክሰኞ ቢውል ግን በማግስቱ ያለው ረቡዕ የጾም ቀን ነው። የተረፈው ወጥ ሳይከፈት እስከ ሐሙስ ይጠብቃል። እንዲህ ባለው ሳምንት ድስቱን እንዳለ ጥግ ማስቀመጥ አይገባም። በዓሉ ሳይገባ የትኛው ለማክሰኞ፣ የትኛው ለሐሙስ እንደሚሆን መለየት ያስፈልጋል።

የማቀዝቀዙ ሥራ በአምስት ነጥቦች ይጠቃለላል።

1. ለማዕድ የሚቀርበው በጭልፋ ከወጣ በኋላ የቀረው ወጥ ወዲያውኑ ክዳን ባላቸው ትንንሽ ዕቃዎች ይከፋፈል። አንዱ ዕቃ ለአንድ ማዕድ የሚበቃውን ብቻ ይያዝ። የወጡ ጥልቀት ከሦስት ጣት ባይበልጥ ቶሎ ይበርዳል።

2. ወጡ በሸክላ ድስት ከተሠራ በዚያው አይተው። ሸክላ ሙቀትን ይዞ የመቆየት ጠባይ አለው። ይህ ጠባይ ለመቀቀል ጥሩ ነው፤ ለማቀዝቀዝ ግን ተቃራኒ ይሆናል።

3. ዕቃዎቹን ቀዝቃዛ ውኃ ባለበት ሳፋ ውስጥ ማስቀመጥ፣ ውኃው ለብ ሲል መለወጥ እና ወጡን በንጹሕ ማንኪያ አልፎ አልፎ ማማሰል ቅዝቃዜውን ያፋጥናል። የእንስራ ውኃ ለዚህ ተስማሚ ነው።

4. ማቀዝቀዣ ያለው ቤት እንፋሎቱ እንደቀነሰ ዕቃዎቹን ያስገባ። ወጡ ፈጽሞ እስኪበርድ ውጭ እንዲያድር መጠበቅ ጉዳቱ ያመዝናል። በትንንሽ ዕቃ የተከፋፈለ ወጥ ማቀዝቀዣውን አይጎዳም፤ የሚያስቸግረው ትኩስ ትልቅ ድስት ማስገባት ነው።

5. ከማዕድ የተረፈ ወጥ ወደ ድስቱ አይመለስ። ብዙ እጅ የገባበት፣ ከእንጀራ እና ከአይብ ጋር የተነካካ ትርፍ ወደ ንጹሑ ወጥ ሲገለበጥ ሙሉውን ያበላሸዋል። ከሰሃን የተረፈው በዚያው ሰዓት ይበላ፤ አለዚያ ይወገድ።

በማቀዝቀዣ ውስጥ በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ እና ከዚያ በታች የተቀመጠ የዶሮ ወጥ ከ3 እስከ 4 ቀናት ይቆያል። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ በመጀመሪያው ቀን ወደ በረዶ ቤቱ መግባት አለበት። በረዶ የሆነው ወጥ የሚሟሟው ከዋዜማው ወደ ታችኛው ክፍል ወርዶ እንጂ ጠረጴዛ ላይ ውሎ አይደለም። መብራት ሲጠፋ በሩ ካልተከፈተ ማቀዝቀዣው እስከ 4 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ይይዛል። የሞላ በረዶ ቤት ደግሞ ሳይከፈት እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛው እሳት፦ ደረጃ በደረጃ

ከዚህ በላይ የተዘረዘረው ከተፈጸመ ማሞቁ ቀላል ነው።

በመጀመሪያ ለአንድ ማዕድ የተለየው ዕቃ ብቻ ይውጣ፤ ሌላው አይነካ። እንቁላሉ ለብቻው ይደረግ። ከዚያ በትንሽ ድስት ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውኃ ወይም መረቅ ይደረግ፤ ቁሌቱ ብቻ ቀድሞ ይግባበት። ቁሌቱ በዝግተኛ እሳት ቀልጦ ሲላላ እና ዙሪያውን መፍላት ሲጀምር ሥጋው ይጨመርበት። ይህ ቅደም ተከተል ሁለት ጥቅም አለው፤ ሥጋው ቁሌቱ እስኪቀልጥ ያለ ሥራ እሳት ላይ አይቆይም፤ ቁሌቱም ከሥር አይዝም።

ሥጋው ከገባ በኋላ ድስቱ ይከደን። ከክዳኑ ሥር የሚታፈነው እንፋሎት ሥጋውን ከላይ ያሞቀዋል፤ ገጽታው እንዳይደርቅም ይጠብቀዋል። እሳቱ አነስተኛ ይሁን። በከሰል የሚሠራ ቤት ፍሙን በትኖ በስሱ ቢያደርገው፣ በእንጨት የሚሠራም ነበልባሉን አሳልፎ በረመጥ ቢጠቀም ይመረጣል። ጠንካራ እሳት ዳሩን አሳርሮ መሀሉን ቀዝቃዛ ይተዋል። ሥጋው እንዳይፈራርስ በማማሰያ ከመምታት ይልቅ ድስቱን በጆሮው ይዞ መነቅነቅ፣ ብልቶቹንም አንድ ጊዜ መገልበጥ ይበቃል።

መሀሉ ሲፈላ እንቁላሉ ይመለስና ሁለት እና ሦስት ደቂቃ ይቆይ። ትልቁ ብልት ተከፍቶ ይታይ። ከአጥንቱ አጠገብ ትኩስ ከሆነ ይውረድ። ቅቤ ወይም መከለሻ መጨመር የሚፈልግ ሰው በዚህ ጊዜ ቢጨምር መዓዛው ይጠበቅለታል። የሞቀው ወጥ በዚያው ማዕድ ይለቅ፤ ዳግመኛ ቀዝቅዞ ሦስተኛ እሳት አይጠብቅ።

ሥጋው አልቆ ቁሌት ብቻ ከተረፈ በትንሽ ውኃ አላልቶ በደንብ ማፍላት እና እንጀራ መፈርፈር የታወቀው አማራጭ ነው። የደረት ሥጋ ቀርቶ ከሆነም ከአጥንቱ ተለይቶ፣ በቀጭኑ ተበጣጥሶ በሚፈላው ቁሌት ውስጥ ቢገባ ቶሎ ይግላል። እሳት ላይ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚያጥር ፍርፍሩ ውስጥ ሥጋው እርጥብ ሆኖ ይገኛል።

ጥብስ፣ አሮስቶ እና ማይክሮዌቭ

በከተሞች ከሆቴል ተጠቅልሎ የሚመጣ የተጠበሰ ዶሮ እና አሮስቶ ቁሌት ስለሌለው ጥበቃው እንፋሎት ብቻ ነው። መጥበሻ ላይ ጥቂት ማንኪያ ውኃ አድርጎ፣ ዶሮውን ከተቻለ በቁርጥራጭ አስቀምጦ፣ በደንብ ከድኖ በዝግተኛ እሳት ማሞቅ ይገባል። ቆዳው እንዲኮረኮም የሚፈልግ በመጨረሻ ክዳኑን ከፍቶ ለአንድ ደቂቃ እሳቱን ይጨምር። ኦቨን ያለው ቤት በፎይል ጠቅልሎ፣ ጥቂት መረቅ አክሎ በ160 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢያሞቀው መልካም ነው።

ማይክሮዌቭ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ምግቡን እኩል አያሞቅም። አንዱ ጥግ ሲቃጠል ሌላው ቀዝቃዛ ይሆናል። ዕቃው ተከድኖ፣ ጉልበቱ መካከለኛ ላይ ተደርጎ፣ በየደቂቃው እየተማሰለ መሞቅ አለበት። ከወጣ በኋላም ሙቀቱ እንዲዳረስ ሁለት ደቂቃ ይቆይ። ሙሉ እንቁላል በማይክሮዌቭ ውስጥ ሊፈነዳ እና ፊት ሊያቃጥል ስለሚችል ተቆርጦ ካልሆነ አይግባ።

ማቀዝቀዣ ለሌለው ቤት

በአብዛኛው የገጠር ቤት ማቀዝቀዣ የለም። ወጡን ጠዋት እና ማታ ማንተክተክ የቆየ ልማድ ነው። ልማዱ መነሻው ትክክል ነው፤ ፍላት በሕይወት ያለውን ባክቴሪያ ይገድላል። ስፖሩን እና የተፈጠረውን መርዝ ግን አያጠፋም፤ ሥጋውንም ያደርቃል። ስለዚህ ያለ ማቀዝቀዣ ያደረ የዶሮ ወጥ በማንተክተክ ብቻ ከአደጋ ነጻ ይሆናል ሊባል አይችልም። የደጋ ሌሊት ቅዝቃዜም ያግዛል እንጂ ማቀዝቀዣን አይተካም።

ለገበሬው ቤት የሚሻለው ዘዴ ከማሞቁ በፊት ያለ ነው። ቆጥ ላይ ያለች ዶሮ አትበላሽም። ለበዓሉ ሁለት ዶሮ ያዘጋጀ ቤተሰብ ሁለቱንም በአንድ ቀን ከማረድ አንዱን ለበዓሉ ዕለት፣ ሁለተኛውን እንግዳ ለሚጠበቅበት ሌላ ቀን ቢያቆይ ሁለት ጊዜ ትኩስ ወጥ ይበላል። ጥሬው ሥጋም ሳይበስል እንዳይውል ዶሮው በሚበስልበት ቀን ይታረድ። አንዲት ዶሮ ታርዳ የምትተርፍ ከሆነም ለጎረቤት የሚላከው በማግስቱ ሳይሆን ትኩስ እንደሆነ ነው። በማግስቱ ጎረቤት በተራው ሲያርድ ትኩሱ ይመለሳል። ይህ የመላላክ ባሕል ለምግብ ደኅንነት የሚጠቅም መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የግድ የሚያድር ከሆነ ግን ጉዳቱን መቀነስ ይቻላል። ወጡ በትንንሽ ዕቃ ተከፋፍሎ በሳፋ ውኃ ቶሎ ይቀዝቅዝ፤ በንፋሻማ ስፍራ በእርጥብ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ከዝንብ እና ከአይጥ ተጠብቆ ይደር። ጠዋት መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ እርሱን በደንብ አፍልቶ በቁርስ መጨረስ ይሁን። ለሕጻናት፣ ለነፍሰ ጡር እናቶች፣ ለአረጋውያን እና ለሕሙማን ግን እንዲህ ያለው ወጥ ባይሰጥ ይመረጣል።

መቼ ይወገድ?

የኮመጠጠ ሽታ፣ አረፋ እና መላላግ ያለው ወጥ ያለ ክርክር ይደፋል። ችግሩ በሽታ የሚያመጡ ባክቴሪያዎች ሁልጊዜ ሽታም ሆነ ጣዕም አለመለወጣቸው ነው። በርበሬ፣ ነጭ ሽንኩርት እና ኮረሪማ የበዛበት ወጥ ደግሞ ትንሹን ለውጥ ይሸፍናል። «ልቅመሰውና ልየው» ከማለት ይልቅ ስንት ሰዓት የት እንደቆየ ማስታወስ ይበልጣል። ከማቀዝቀዣ ውጪ የዋለ፣ በማቀዝቀዣ ውስጥም ከ4 ቀን ያለፈው ወጥ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን ለሰው አይቅረብ።

ከተመረዘ ምግብ በኋላ ማስታወክ በግማሽ ሰዓት ውስጥም ሊጀምር ይችላል፤ የሆድ ቁርጠት እና ተቅማጥ ደግሞ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል። ብዙዎቹ በአንድ እና በሁለት ቀን ይድናሉ። ዋናው ነገር የወጣውን ፈሳሽ መተካት ነው፤ ኦ አር ኤስ በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን በንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ቀስ በቀስ ይሰጥ። በተቅማጡ ደም ከታየ፣ ትኩሳት ከበረታ፣ የሕጻኑ ዓይን ከጎደጎደ፣ ሽንቱ ከቀነሰ ወይም የጠጣውን ሁሉ ካስመለሰ ግን ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል።

የዶሮ ወጥ የብዙ ሰዓት ልፋት ያለበት ምግብ ነው። ሽንኩርቱ ተልጦ እና ተከትፎ፣ ቁሌቱ ለሰዓታት ተማስሎ፣ ዶሮዋ ብልት በብልት ታጥባ የምትደርስበት ማዕድ ነው። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ ድስቱን ለመከፋፈል የሚወስደው ጥቂት ደቂቃ ነው። በሚቀጥለው በዓል ድስቱ እንደወረደ፣ ገና ቡናው ሳይፈላ፣ የነገው ድርሻ በየዕቃው ይለይ። በማግስቱ የሚጣደው ድስት ትንሽ ይሆናል፤ እሳቱ ያጥራል፤ ሥጋውም እርጥበቱን እንደያዘ ለማዕድ ይቀርባል።